የመርፌ ትራስና የመቀስ ልብስ፦ በኪሮሽ የተሠሩ የድሮ የስፌት ዕቃ መያዣዎች

መርፌ የጠፋበት ቤት እረፍት የለውም። ምንጣፉ በእጅ ይዳበሳል። አልጋ ልብሱ ይራገፋል። ልጆች በባዶ እግራቸው እንዳይገቡ ይከለከላሉ። መቀስም የራሱ ጣጣ አለው። ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ጫፉ ይወጋል። እንደተገኘ ከተተወ ደግሞ አንዱ ያነሳና ካርቶን ይቆርጥበታል፣ ከዚያ በኋላ ጨርቅ አይቆርጥም። ሲሰፉ ጣት ላይ የምትጠለቀው ትንሽ የብረት ቆብ ደግሞ ተንከባልላ ቁም ሣጥን ሥር ትገባለች። ከዚህ በኋላ የጣት ቆብ እንበላት።

ዛሬ የማወራላችሁ ዕቃዎች የተወለዱት ከዚህ ጣጣ ነው። ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሴቶች ለስፌት ዕቃቸው መያዣ በኪሮሽ ይሠሩ ነበር። የመርፌ ትራስ፣ የመርፌ ደብተር፣ የመቀስ ማኅደር፣ የጣት ቆብ ማስቀመጫ፣ የሜትር ሽፋን። መዳፍ ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። አሁን ሰብሳቢዎች ይፈልጓቸዋል፣ የድሮ ንድፎቻቸውም እንደገና እየተሠሩ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኪሮሽ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ያን ያህል ጥንታዊ ሥራ አይደለም። ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። ታትመው ከወጡት ቀደምት ንድፎች መካከል ፔኔሎፔ የተባለው የኔዘርላንድስ መጽሔት በ1820ዎቹ መጀመሪያ ያወጣቸው ይገኛሉ። በ1840ዎቹ ኤሌኖር ሪየጎ ዴ ላ ብራንሻርዲየር የተባለች የለንደን ባለሙያ የንድፍ መጻሕፍት በተከታታይ ማሳተም ጀመረች። በዚያው ዘመን አየርላንድ ውስጥ የድንች በሽታ ከ1845 ጀምሮ ረሃብ አስከተለ። መነኮሳትና በጎ አድራጊዎች ለድሃ ቤተሰቦች የኪሮሽ ዳንቴል አስተማሩ። ለብዙዎች የዕለት ጉርስ ሆነ። ንግሥት ቪክቶሪያም ኪሮሽ ትሠራ ነበር፣ ስትሠራ የተነሳችው ፎቶ አለ። ከቤተ መንግሥት እስከ ረሃብተኛ ጎጆ የደረሰ ሥራ ነው እንግዲህ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሹራብ በማሽን ይሠራል። የጥልፍ ማሽንም አለ። በኪሮሽ የተሠራ ነገር ግን የእጅ ሥራ ነው። ፋብሪካ አምርቶ ገበያ የሚያወጣው ኪሮሽ መሳይ ጨርቅ በሌላ ዓይነት ማሽን የተጠለፈ ነው። ስለዚህ አሮጌ የመርፌ ትራስ በእጃችሁ ስትይዙ፣ እያንዳንዷ ዓይን፣ ማለትም በመንጠቆው የተሳበች እያንዳንዷ የክር ጥልፍ፣ በአንድ ሰው ጣት ውስጥ አልፋለች። እኔን ወደነዚህ ዕቃዎች የሚስበኝ ይሄ ነው። የሠሪዋ ስም አልተጻፈባቸውም። እጇ ግን አለ። ክሩን አጥብቃ ትይዝ ነበር ወይስ አላልታ? ከሥራው ይታያል። አንዳንዴ አንድ ዙር ላይ ዓይን ዘላ፣ ቀጣዩ ዙር ላይ ጨምራ አካክሳዋለች። እሱም ይታያል።

ክሩ የራሱ ታሪክ አለው። ጆን መርሰር የተባለ እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ ጥጥን በኮስቲክ ሶዳ አክሞ ክሩ እንደሚጠነክርና ቀለም በደንብ እንደሚይዝ አየ። በ1850 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ችግሩ ክሩ ይኮማተራል። በ1890 አካባቢ ሆረስ ሎው ያንኑ ሥራ ክሩን ወጥሮ በመያዝ ሠራው። መኮማተሩ ቀረ፣ ክሩም እንደ ሐር አብረቀረቀ። ተራ ሰው በትንሽ ገንዘብ ሐር የሚመስል ነገር መሥራት ቻለ። የአሮጌ የመርፌ ትራሶች ወዝ አሁንም ድረስ ካልጠፋ ምክንያቱ ይሄ ነው። ክሩ በቁጥር ይሸጣል። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል፦ 10 ወፍራም ነው፣ 30 መካከለኛ፣ 100 ደግሞ ዓይን የሚያደክም። ለስፌት ዕቃ መያዣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 30 ያለው ይበቃል።

ንድፉን ቤት ለቤት ያደረሱት የክር ፋብሪካዎች ናቸው። በስኮትላንዷ ፔዝሊ ከተማ የጀመሩት ኮትስና ክላርክ፣ በአሜሪካ የአሜሪካን ትሬድ ካምፓኒ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ የነበረው ሊሊ ሚልስ ስስ መጽሔቶች ያሳትሙ ነበር። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የብዙዎቹ ዋጋ 10 ሳንቲም ነበር፣ የአሜሪካ ሳንቲም ማለቴ ነው። ትርፉ ከመጽሔቱ አይደለም። እያንዳንዱ ንድፍ የትኛውን ክር፣ በየትኛው ቀለም፣ ስንት ጥቅል እንደሚፈልግ በስም ይናገራል። አንባቢዋ መጽሔቱን ይዛ ክር ልትገዛ ትሄዳለች። ለትንሽ ዕቃ ግን አንድ ጥቅል እንኳ አያልቅም። ከጠረጴዛ ልብስ የተረፈው ቁራጭ ክር ይበቃዋል። የመርፌ ትራስ በቤተ ክርስቲያን የእርዳታ ባዛር ላይ እንዲህ የበዛው ለዚህ ነው። ወጪ የለውም፣ በአንድ ምሽት ያልቃል፣ ሁሌም ገዢ አለው።

እስቲ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። በጣም ከተሠሩት አንዱ ትንሽ ባርኔጣ ነው። አሠራሩ የሚጀምረው ከአራት ወይም ከአምስት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ተገጥሞ ቀለበት ይሆናል። ቀለበቱ ውስጥ ስድስት አጫጭር ዓይኖች ይሠራሉ። ከዚያ በየዙሩ ስድስት ይጨመራል፦ 12፣ 18፣ 24 እያለ። እንዲህ ሲሆን ሥራው ጠረጴዛ ላይ እንደ ሳንቲም ልጥፍ ብሎ ይተኛል። የባርኔጣው አናት ይህ ነው። አሁን መጨመር ይቆማል። ዙሩ ይቀጥላል፣ ቁጥሩ ግን ያው ነው። ጠፍጣፋው ክብ ያለማንም ትእዛዝ ጠርዙ ይነሳና ኩባያ ይሆናል። ከፍታው ሲበቃ መጨመሩ እንደገና ይጀመራል። ጠርዙ ይዘረጋል። ከስድስት በላይ ከተጨመረ ደግሞ እንደ ቀሚስ ጫፍ ይሸበሸባል። ጠፍጣፋ፣ ኩባያ፣ ሽብሽብ፦ ሦስቱም የወጡት ከአንድ ቁጥር ነው። ይሄን ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጁ የሠራ ሰው ደስታው አይረሳውም።

ባርኔጣው ከተሠራ በኋላ ምርጫው የሠሪዋ ነው። አናቱ ከተሞላ የመርፌ ትራስ ይሆናል። ባዶ ከተተወ ደግሞ የጣት ቆብ ልክ ትገባበታለች። ቆሞ እንዲቀር በአሚዶ ወይም በስኳር ውሃ ይነከራል። ስኳሩ በውሃ ፈልቶ ዳንቴሉ ይነከርበታል፣ ጨመቅ ተደርጎ ቅርጹን እንደያዘ ይደርቃል። ሲደርቅ እንደ ካርቶን ይጠነክራል። መጨረሻ ላይ ቀጭን ሪባን ይታሰርበታል። ሪባኑ ለጌጥ ብቻ አይደለም፣ ሁለት ስፒል ይሰካበታል።

የመርፌ ትራስ ልቡ ግን ውስጡ ነው። ላዩ ዳንቴል፣ ታቹ ሌላ ነገር። ብዙ ጊዜ በመካከል ደማቅ የሳቲን ጨርቅ አለ። በዳንቴሉ ቀዳዳ ቀለሙ ብቅ ይላል፣ ቀዩ በነጩ ውስጥ። ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጠበቅ ያለ ጨርቅ ሺህ ጊዜ ሲወጋ ይሳሳል። የዳንቴል ዓይን ግን መርፌዋን ገለል ብሎ ያሳልፋታል። ከዚያ ውስጥ ሙሌቱ ይመጣል፦ ሰጋቱራ፣ ፉርሽካ፣ የበግ ጠጉር፣ አንዳንዴ ከማበጠሪያ የተሰበሰበ የሰው ፀጉር። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚሻለው የበግ ጠጉር ነው። የተፈጥሮ ቅባት ስላለው መርፌን ከዝገት ይጠብቃል። ጥጥ ደግሞ እርጥበት ይይዛል፣ ለብረት አይሆንም።

በእንግሊዝና በአሜሪካ የታወቀው ቀይ ቲማቲም የመርፌ ትራስ ከጎኑ ትንሽ እንጆሪ ተንጠልጥላበታለች። ብዙ ሰው ለማማር ይመስለዋል። እንጆሪዋ ውስጥ ያለው ግን ብረት የሚስል ደቃቅ የድንጋይ ዱቄት ነው፣ የብርጭቆ ወረቀት ላይ እንደሚለጠፈው ዓይነት። የዛገች ወይም የዶለዶመች መርፌ ሁለት ሦስት ጊዜ ስትሰካና ስትነቀል ጽድት ብላ ትወጣለች። ኪሮሽ ሠሪዎች ይህችን እንጆሪ በጣም ወደዷት። ቀይ አካል፣ አረንጓዴ ቅጠል፣ ቢጫ ነጠብጣብ። ዱቄቱ በዳንቴሉ ቀዳዳ እንዳይፈስ ውስጧ በጥብቅ ጨርቅ ይሰፋል። በእጅ ስትያዝ ከመጠኗ በላይ ትከብዳለች። እውነተኛ መሳያ እንጆሪ ከጌጥ እንጆሪ የምትለየው በክብደቷ ነው።

የመቀስ ማኅደር ከሁሉም ያስቸግራል። ዳንቴል ቀዳዳ ነው፣ መቀስ ደግሞ ሹል ነው። ሁለቱ ብቻቸውን አይስማሙም። ስለዚህ ውስጡ በቆዳ፣ በካርቶን ወይም ጠበቅ ባለ ጨርቅ ይለበዳል። ልብዱ የተረሳበት ማኅደር ጫፉ ተቀድዶ ይገኛል። አንዳንድ ሴቶች ረጅም ማሰሪያ ሠርተው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉት ነበር፣ በአንዱ ጫፍ መቀስ፣ በሌላው ትንሽ የመርፌ ትራስ። ቀደም ባለው ዘመን የደህና ቤት እመቤቶች መሣሪያቸውን በብር ሰንሰለት ወገባቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። የክሩ ማሰሪያ የዚያ ሰንሰለት ታናሽ እህት ናት ብል አላጋነንኩም።

የመርፌ ደብተር ቀላል ነው። ሁለት የዳንቴል ሽፋን፣ በመካከል የሱፍ ጨርቅ ገጾች፣ በሪባን የሚታሰር። መርፌዎች በመጠናቸው ገጽ ገጽ ይዘው ይተኛሉ። የሜትር ሽፋኑ ደግሞ የፕላስቲክ ወይም ሴሉሎይድ ከሚባለው ቀደምት የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ክብ ሳጥን ላይ የሚጠለፍ ልብስ ነው። ሜትሩ የሚወጣበት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይተዋል።

አሮጌ መያዣ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዳንቴሉ ይልቅ ሥሩን ይይ። ብዙዎቹ የተሠሩት በተጣለ ነገር ላይ ነው። የታሸገ ምግብ ማስቀመጫ የሆነው ባለ ጥርስ ክዳን የብርጭቆ ዕቃ በጆን ሜሰን ስም ፈቃድ ያገኘው በ1858 ነው። ክዳኑ ለመርፌ ትራስ መሠረት ተስማሚ ነው፣ ከባድና ጠፍጣፋ። የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪም ያገለግላል። ቆርኪን ዊሊያም ፔይንተር ባልቲሞር ውስጥ በ1892 በስሙ አስመዘገበ። ስለዚህ ቆርኪ ያለበት ሥራ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። ቆርኪው ውስጥ ስስ ቡሽ ካለበት የቆየ ነው፣ ፕላስቲክ ከሆነ ቀረብ ያለ ጊዜ ነው። ሙሌቱም ይናገራል። የናይሎን ስቶኪንግ በመላ አሜሪካ መሸጥ የጀመረው በግንቦት 1940 ነው። ውስጡ የተቆራረጠ የናይሎን ስቶኪንግ የሞላበት ትራስ ከዚያ ወዲህ የተሞላ ነው። ክሩ ራሱ ሰው ሠራሽ አክሪሊክ ከሆነ ደግሞ ከ1950ዎቹ ወዲህ እንበል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። አሮጌ ትራስ አንዳንዴ እንደገና ይሞላል፣ ስለዚህ አንዱን ምልክት ብቻ አይቶ መፍረድ አይገባም።

የድሮ ንድፍ አውጥቶ መሥራት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የታተመበትን አገር ይይ። አሜሪካኖች ነጠላ የሚሉትን ዓይን እንግሊዞች ድርብ ይሉታል። ሌሎቹም ስሞች እንዲሁ አንድ ደረጃ ይዛነፋሉ። ይህን ሳያውቅ የጀመረ ሰው የጣት ቆብ ማስቀመጫ ልሥራ ብሎ የሻይ ኩባያ የሚያክል ነገር ይዞ ይነሳል። የኪሮሹ ቁጥርም እንደ አምራቹ ይለያያል። የሚያስተማምነው ትንሽ ናሙና ሠርቶ በሜትር መለካት ነው።

ስለ አጠባበቅ ጥቂት ልበል። በሰጋቱራ ወይም በፉርሽካ የተሞላ ትራስ ውሃ ውስጥ አይነከርም፣ ውስጡ ያብጣል፣ ይሻግታል። መሳያ እንጆሪም እንዲሁ። ሙሌት የሌለው ዳንቴል ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል። ከዚያ በፊት ግን ነጭ ጨርቅ አርጥቦ ጥግ ላይ ጫን ማድረግ ነው፣ በተለይ ለቀይ ክር። ቀይ ይለቃል። በስኳር የደረቀው ከታጠበ ቅርጹ ይፈርሳል፣ እንደገና መንከር ያስፈልጋል። ሳይታጠብ ከቆየ ደግሞ ቢጫ ይሆናል፣ ጉንዳንም ይጠራል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ በአሚዶ ማድረቁ ይሻላል።

ከምንም በፊት ግን ማግኔት ያዙ። አሮጌ የመርፌ ትራስ እጅ ውስጥ ገብቶ ከመጨመቁ በፊት በማግኔት ዙሪያውን ማሰስ ያስፈልጋል። ዓይኗ እስኪሰወር ድረስ ተሰክታ የቀረች መርፌ በሙሌቱ ውስጥ ትሰምጣለች። ላዩ ላይ ምንም አይታይም። ትራሱ ሲፈታ አንዳንዴ አንድ ሳይሆን ብዙ መርፌ ይወጣል፣ ከፊሉ ዝጎ፣ ከፊሉ በበግ ጠጉሩ ቅባት ተጠብቆ አሁንም እንደሚያብረቀርቅ። ባለቤቷ ምንጣፍ ስትዳብስ የዋለችባቸው መርፌዎች ናቸው።