ፖቶሲ፦ ከተማዋና የብር ተራራዋ

ፖቶሲ በደቡብ ቦሊቪያ የምትገኝ፣ ስፔናውያን ለብር ማዕድን ሲሉ የቆረቆሯት ከተማ ናት። ከባሕር ወለል 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ለአዲስ አበባ ሰው እንኳ ዳገቷ ትንፋሽ ያሳጥራል። የብሩ ምንጭ የሆነው ሴሮ ሪኮ ተራራ ከብዙ ጎዳናዎቿ ይታያል።

ብሩን እ.ኤ.አ. በ1545 ያገኘው ዲዬጎ ዋልፓ የተባለ የአገሬው ተወላጅ እንደሆነ ይተረካል፤ አተራረኩ ግን እንደ ተራኪው ይለያያል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማዕድኑን ያቀልጡ የነበሩት ተወላጆቹ ራሳቸው ናቸው። ጓይራ የሚባሉ ትንንሽ ምድጃዎቻቸውን ነፋስ በሚያገኛቸው ተዳፋት ላይ ይተክሉ ነበር።

ምርጡ ማዕድን ሲመናመን የንጉሡ እንደራሴ ፍራንሲስኮ ዴ ቶሌዶ በ1572 መጥቶ የከተማዋን ዕጣ ለወጠው። ማዕድኑ በውኃ ኃይል በሚሠራ ወፍጮ እየተፈጨ፣ ከፔሩዋ ዋንካቬሊካ በሚመጣ ሜርኩሪና በጨው እየተለወሰ ብሩ እንዲለይ ተደረገ። ለወፍጮዎቹም በካሪ ካሪ ተራሮች ላይ ግድቦች ተሠሩ፤ ከእነዚህ አንዱ በ1626 ተደርምሶ ብዙ ሰው ፈጅቷል። ጉልበቱ የተገኘው ደግሞ ሚታ ከተባለው የግዳጅ ሥራ ነው። ከ16 አውራጃዎች በየዓመቱ ከ13,000 በላይ ወንዶች ይመደቡ ነበር፤ ብዙዎቹም ቤተሰባቸውንና ላማ የተባሉትን የጭነት እንስሶቻቸውን ይዘው ለሳምንታት በእግር ይጓዙ ነበር። ተሸካሚው ማዕድኑን በጨርቅ ቋጥሮ በጀርባው ያዝላል፤ ሻማውን በአውራ ጣቱ ላይ አስሮ ከቆዳ በተገመደ መሰላል ይወጣል። ስፔንን ያበለጸገው ብር የእነዚህ ሰዎች ላብ ነው። ተራራው ስምንት ሚሊዮን ሰው እንደበላ በሰፊው ይነገራል፤ ቁጥሩ በማስረጃ የተረጋገጠ አይደለም። ሚታ እስከ 1812 ዘልቋል።

ከነጻነት በኋላ ብሩ ቀንሶ የቆርቆሮ ማዕድን ተተካ፤ የማዕድን ኩባንያዎቹ በ1952 ቢወረሱም፣ የቆርቆሮ ዋጋ በ1985 ሲወድቅ ሥራው በአብዛኛው ወደ ማዕድን አውጪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዞረ።

በከተማዋ ቀድሞ መታየት ያለበት በ1759 እና በ1773 መካከል የታነጸው የገንዘብ ማተሚያ ቤት፣ ካሳ ዴ ላ ሞኔዳ ነው። ከስፔን የመጡት ግዙፍ የእንጨት ጥርስ ያላቸው መዘውሮች ዛሬም እንደቆሙ ናቸው፤ በምድር ቤቱ በቅሎዎች እየዞሩ ሲያንቀሳቅሷቸው ከላይ የብሩ ዘንግ ይዳመጥ ነበር። የሳን ሎሬንሶ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ በርም ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። የአገሬው ጠራቢዎች ፀሐይና ጨረቃን፣ ጊታር የሚመቱ ከወገባቸው በታች ዓሣ የሆኑ የባሕር ሴቶችንም ቀርጸውበታል። እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ በአንዲስ ምድር ጥቂት ነው።

ማተሚያ ቤቱን አይቶ ተራራውን የተወ ጎብኚ ግን ፖቶሲን በግማሹ ነው ያየው። አስጎብኚዎቹ ብዙ ጊዜ የቀድሞ ማዕድን አውጪዎች ናቸው። መጀመሪያ ኤል ካልቫሪዮ ገበያ ወስደው ለሠራተኞቹ የሚታኘክ የኮካ ቅጠልና ለስላሳ መጠጥ ያስገዛሉ፤ ባዶ እጅ መግባት ነውር ነው። በጉድጓዱ ውስጥ የከርሰ ምድሩ ጌታ የሚሉት ኤል ቲዮ፣ ቀንዳም የሸክላ ሐውልት፣ በኮካ ቅጠል ተከቦ፣ ሲጋራ በአፉ ተደርጎለት ይቀመጣል። አቧራው ለዛሬዎቹም ሠራተኞች የሳንባ በሽታ ምክንያት ነው፤ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ባይገባ ይሻላል።

ዩኔስኮ ፖቶሲን በ1987 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፤ በ2014 ደግሞ ቁፋሮው የተራራውን ጫፍ እያፈረሰው በመሆኑ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ጋር መድቧታል።

ከሌላዋ የቦሊቪያ ከተማ ከሱክሬ ወደ ፖቶሲ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በሰኔና በሐምሌ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል፤ ማዕድኑን መጎብኘትም ከተማዋ በደረሱ ማግሥት ሳይሆን ሰውነት ከፍታውን ሲለምድ ይመረጣል።