በአሻራ ማረጋገጥ ምንድን ነው? ባንክ ውስጥ የሚችለውና የማይችለው

«ባንኮች አሻራ ጀምረዋል፤ ከእንግዲህ ማጭበርበር አበቃለት።» ይህን ነገር ደጋግሜ እሰማለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ ያለቀለት ጉዳይ አድርጎ ሲያስረዳ ሰማሁት። ሥራዬ የማንነት ማረጋገጫ ሲስተም ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ይህን የሰማ ሰው ይዘናጋል። አጭበርባሪ የሚፈልገውም የተዘናጋ ሰው ነው።

የሰው ሁሉ አሻራ የተለያየ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚያ ላይ አልቆይም። ስህተቱ የሚጀምረው «ስለዚህ ማሽኑ ማን እንደሆንኩ ያውቃል» ሲባል ነው። አያውቅም። ስካነሩ በጣታችሁ ላይ መስመሮቹ የሚያልቁባቸውንና ለሁለት የሚከፈሉባቸውን ነጥቦች ይለቅማል። የነጥቦቹን አቀማመጥ ወደ ቁጥር ይለውጣል። ይህ ቴምፕሌት ይባላል። ሌላ ቀን ጣታችሁን ስታሳርፉ አዲስ ቴምፕሌት ይሠራና ከድሮው ጋር ያስተያየዋል። ከዚህ የሚወጣው ውጤት «አዎ» ወይም «አይደለም» ሳይሆን ሁለቱ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ የሚያሳይ ነጥብ ነው፤ እንደ ፈተና ውጤት። ነጥቡ ከማለፊያው በላይ ከሆነ ያልፋል፤ በታች ከሆነ ይወድቃል። ማለፊያውን የሚቆርጠው ደግሞ ሰው ነው። ከፍ ካደረገው እውነተኛውን ባለቤት ይመልሳል። ዝቅ ካደረገው ሌላ ሰው ሊያሳልፍ ይችላል። አንዱን ስትቀንሱ ሌላው ይጨምራል። ስለዚህ «መቶ በመቶ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ የትኛው ስህተት መቶ በመቶ እንደጠፋ ጠይቁት።

አሻራን እንደ ምስክር ቁጠሩት። ሐቀኛ ምስክር ነው፤ ነገር ግን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዛሬ የቀረበው ጣት ያን ጊዜ ከተመዘገበው ጣት ጋር አንድ ነው ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ይመልሳል። ስም አያውቅም። ሰውየው ወዶ ይምጣ ተታሎ ይምጣ አያውቅም። ገንዘቡ ከየት እንደመጣና ለማን እንደሚሄድ አያውቅም። ተንታኙ የሚሳሳተው ይህን ምስክር ባላየው ነገር ሁሉ ላይ ሊያቆመው ስለሚፈልግ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ምስክሩ «ያን ጊዜ» ሲል የምዝገባውን ቀን ማለቱ ነው። በዚያ ቀን አንድ ሰው በሐሰተኛ መታወቂያ «እገሌ ነኝ» ብሎ ጣቱን ካሳረፈ፣ ምስክሩ ከዚያ ወዲያ ለዚያ ሐሰተኛ ሰው በታማኝነት ሲመሰክር ይኖራል። እውነተኛው እገሌ ሲመጣ «አላውቀውም» ይላል። እኛ በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ከስካነሩ ይልቅ መዝጋቢው የሚያስጨንቀን ለዚህ ነው። ምዝገባው ከተበላሸ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የተበላሸውን የሚያጸና ይሆናል።

ታዲያ አሻራ ጥቅም የለውም ማለቴ ነው? በፍጹም። ትልቅ ጥቅም አለው፤ ግን ሰዎች የሚጠሩት ጥቅም አይደለም። የኛ አገር አንድ ከባድ ችግር አንድ ሰው ብዙ ሰው መሆን መቻሉ ነው። ከአንድ ቀበሌ አንድ መታወቂያ ያወጣል። ከሌላ ቀበሌ በሌላ ስም ሌላ ያወጣል። በሁለቱም አካውንት ይከፍታል። የተጭበረበረ ገንዘብ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ባለቤቱ ሲፈለግ የለም። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ የሚያጠብበው ይህን ቀዳዳ ነው። ሲመዘገቡ የአሥሩ ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱ ዓይኖች አይሪስ (የብሌኑ ዙሪያ ባለ ቀለም ክፍል) እና የፊት ፎቶ ይወሰዳል። መረጃው ቀደም ብለው ከተመዘገቡት ሁሉ ጋር ይነጻጸራል። ሰውየው ከዚህ በፊት እንዳልተመዘገበ ሲታወቅ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጠዋል። ናይጄሪያ በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ቢቪኤን የተባለው የባንክ ማረጋገጫ ቁጥርም በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው። ደንበኛው በየትኛውም ባንክ ቢሄድ አንድ ሰው ይሁን ነው ነገሩ።

አንድ ነገር ላክል። «ጣቴን ሳሳርፍ ከአገሩ ሕዝብ መካከል ይለየኛል» የሚሉ አሉ። በባንክ መስኮት የሚደረገው እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ቁጥራችሁን ትሰጣላችሁ፤ ከዚያ ጣታችሁ ከዚያ ቁጥር ጋር ብቻ ይነጻጸራል። አንድ ለአንድ ነው። ከመቶ ሺህ ንጽጽር አንዴ የሚሳሳት ሲስተም አለን እንበል። ለአንድ ለአንድ በጣም ጥሩ ነው። ያንኑ ሲስተም በአንድ ጣት ብቻ ከ10 ሚሊዮን ሰዎች መካከል «ይህ ማን ነው?» ብትሉት ግን የማይመለከታቸው 100 ያህል ሰዎች ይዞ ይመጣል። በምዝገባ ጊዜ አሥሩም ጣት፣ አይሪስም የሚጨመረው ለዚህ ነው። ሁለቱን ሥራዎች አንድ አድርጎ የሚያወራ ሰው ስለ ስህተት መጠን የሚናገረውን አትመኑት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ሰው በአጭበርባሪ ገንዘቡን የሚያጣው እንዴት ነው? ስልክ ይደወላል። «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ አካውንትዎ ሊታገድ ስለሆነ አሁን የገባልዎትን ኮድ ይንገሩን» ይባላል። እናት ደንግጠው ይነግራሉ። ወይም ገዢው ለባለሱቁ የተላከ የሚመስል የውሸት ስክሪንሹት ያሳያል። ባለሱቁ ዕቃውን ይሰጣል፤ ብሩ ግን አልገባም። ወይም «ዕጣ ወጥቶልዎታል፤ ለማስፈጸሚያ ትንሽ ይላኩ» ተብሎ ሰውየው ራሱ ይልካል። እስቲ በነዚህ ሁሉ መሐል አሻራ አስገቡ። ስክሪንሹቱን አይነካውም። ኮድ ብቻ በቂ እንዳይሆን ካደረገ የመጀመሪያውን ሊያከብደው ይችላል፤ ይህን አልክድም። በሦስተኛው ግን ባለገንዘቡ በገዛ ጣቱ ይልካል። ምስክሩም አልዋሸም፤ ጣቱ የባለቤቱ ነው።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር በተፈጠረ ጊዜ የሆነውን አስታውሱ። ደንበኞች በሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የሌላ ሰው አካውንት አልሰበሩም፤ በራሳቸው አካውንት ነው የተጠቀሙት። የእያንዳንዳቸውን አሻራ ብትጠይቁ ሁሉም ያልፉ ነበር።

ውክልናም አለ። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን የሚኖር ሰው አካውንቱን እንዲያንቀሳቅስለት ዘመዱን ይወክላል። ዘመድየው ባንክ ሲመጣ የሚረጋገጠው የዘመድየው ጣት ነው። የውክልና ወረቀቱ ሐሰተኛ ከሆነ ወይም ከተሻረ፣ የተወካዩ አሻራ ቢያምር ባያምር ምን ይረባል? መመርመር ያለበት ወረቀቱ ነው። ውጭ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ውክልና ስትሽሩ ለሰጣችሁት ሰው ብቻ ነግራችሁ አትተዉት። ባንኩ በጽሑፍ ይወቀው።

ሌላው ድብልቅልቁ የወጣ ነገር የስልክ አሻራ ነው። የሞባይል ባንኪንግ መተግበሪያን በጣት ስትከፍቱ አሻራችሁ ወደ ባንኩ አይሄድም። ስልኩ ራሱ ያመሳክርና ለመተግበሪያው «አልፏል» ይለዋል። ይህ ጥሩ አሠራር ነው፤ አሻራችሁ ከስልካችሁ አይወጣም። ነገር ግን ባንኩ በዚህ መንገድ እናንተን አላወቀም። የሚያውቀው በዚያ ስልክ ላይ ከተመዘገቡ ጣቶች አንዱ መቅረቡን ነው። ጌም እንዲጫወት ብላችሁ የልጃችሁን ጣት መዝግባችሁ ከሆነ፣ መተግበሪያው ከሱ ጣት የናንተን የሚለይበት መንገድ ላይኖረው ይችላል። አንዳንዱ መተግበሪያ አዲስ ጣት ሲጨመር እንደገና ፒን ይጠይቃል፤ ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። ዛሬ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስንት ጣት እንዳለ እዩ።

በፋይዳ ማረጋገጥ ሲባልም ሁልጊዜ አሻራ ማለት አይደለም። በተመዘገበው ስልክ ላይ በሚላክ ኮድም ይረጋገጣል። በኮድ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ወደ ሲም ካርዳችሁ ይዞራል፤ ሲሙ በማን እጅ ነው?

«አሻራ ሊሰረቅ አይችልም» ለሚለው ደግሞ ሕንድን ልጥቀስ። እዚያ በመንደር ሱቅ አድሃር የተባለውን የብሔራዊ መታወቂያ ቁጥር ሰጥቶ፣ ባንኩን ተናግሮ፣ ጣት አሳርፎ ብር ማውጣት ይቻላል። ፒን የለም። ለገጠሩ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። አጭበርባሪዎች ግን በኢንተርኔት ከተለቀቁ የመሬት ሽያጭ ሰነዶች ላይ የሰዎችን አውራ ጣት ምልክት ገለበጡ። በሲሊኮን ጣት ሠርተው ብር አወጡ። አድሃርን የሚያስተዳድረው ባለሥልጣን በ2023 እ.ኤ.አ. ጣቱ ሕይወት ያለው መሆኑን የሚመረምር አዲስ ዘዴ ጨመረ። ነገሩ ለባለሙያ አዲስ አልነበረም። በ2002 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ከጄላቲን በሠሩት ጣት በጊዜው ገበያ ላይ የነበሩ ስካነሮችን አታልለዋል። ለምስክሩ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ቀረበለት፤ እሱም አወቅሁት አለ። ስለዚህ ባንክ ስካነር ሲገዛ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ዋጋውን ሳይሆን የሐሰት ጣት ፈተና ማለፉን ነው። እኛም አገር በቀለም የተነከረ አውራ ጣት ያረፈባቸው ስንት የቤት፣ የመሬትና የብድር ውሎች በየመዝገብ ቤቱ እንዳሉ አስቡ። እነዚያን ሰነዶች ስካን አድርጎ መልቀቅ ቀላል ነገር አይደለም።

አሻራ ሚስጥር አይደለም። ብርጭቆ በነካችሁ ቁጥር ትታችሁት ትሄዳላችሁ። ፒን ሲታወቅባችሁ ትቀይራላችሁ፤ ጣት ግን አትቀይሩም። በ2015 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች አሻራ ተሰርቋል። እነዚያ ሰዎች ዛሬም ያንኑ ጣት ይዘው ነው የሚኖሩት። የኛ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን መሰል መረጃ በተለየ ጥንቃቄ እንዲያዝ የሚፈልገው በከንቱ አይደለም። ባንክ የደንበኛውን አሻራ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ከሚያከማች፣ ጥያቄውን ወደ ብሔራዊው ሲስተም ልኮ መልሱን ብቻ ቢቀበል እመርጣለሁ። ያልያዘውን ነገር ማንም አይሰርቀውም።

የመጨረሻው፣ ብዙም የማይወራው፣ ጣታቸው አልነበብ የሚላቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። ሲሚንቶ ሲያቦካ የኖረ የቀን ሠራተኛ። ድንጋይ ጠራቢ። ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ አባት። በየቀኑ በረኪና ሲነካ የሚውል እጅ። በሥጋ ደዌ ጣቱን ያጣ ሰው። እነዚህ ሰዎች ሲስተሙ «አይደለም» ሲላቸው አጭበርባሪ አይደሉም። ባንኩ ሌላ መንገድ ሊያዘጋጅላቸው ግድ ነው፤ በፊት፣ በአይሪስ፣ ወይም በሰው ምርመራ። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው። ሠራተኛው «አሻራው አልሠራም» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ብቻውን ማሳለፍ ከቻለ፣ አጭበርባሪው ስካነሩን ለማታለል አይደክምም። ጣቱን ሙጫ ቀብቶ ይመጣና «እንቢ አለኝ» ይላል፤ ወይም ሠራተኛውን ይወዳጃል። ስለዚህ በዚያ ቁልፍ የሚያልፍ ሁሉ የሁለተኛ ሰው ፈቃድ ይኑረው፤ ይመዝገብም። የትኛው ቅርንጫፍ፣ የትኛው መስኮት፣ በየትኛው ሰዓት ቁልፉን እንደሚያበዛ በየሳምንቱ የሚያይ ተቆጣጣሪ ይመደብ። ባንካችሁ አሻራ መጀመሩን በማስታወቂያ ሲነግራችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ይህንን ነው፦ የእናቴ ጣት አልነበብ ሲል ማን ነው የሚያሳልፋቸው? እሱንስ ማን ያየዋል?