«ባሕር የለንም፤ ስለ ውቅያኖስ ምን አገባን?»

ባለፈው እሑድ ሰንዳፋ የእድር ስብሰባ ነበረን። ቡና ሲቀርብ ወሬው እንደተለመደው ወደ ክረምቱ ዞረ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱ አንድ አባት «አንተ የሜትዮሮሎጂ ሰው፣ ዘንድሮስ ምን ትላላችሁ?» አሉኝ። ስለ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ሙቀት መናገር ስጀምር ከጎናቸው የተቀመጠው ወጣት አቋረጠኝ። «ጋሼ፣ ባሕር የለን፣ ወደብ የለን። የውቅያኖስ ነገር እኛን ምን አገባን?»

ይህን ጥያቄ በሙያው ከሃያ ዓመት በላይ ስቆይ ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ታክሲ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ሠርግ ላይ ሰምቼዋለሁ። ዲግሪ ያለውም የሌለውም እኩል ይለዋል። ሰልችቶኛል፣ ስለዚህ አንዴ በጽሑፍ ልመልሰው። ከእሱ ጋር ተያይዘው የሚመጡትንም እግረ መንገዴን እነካለሁ።

ከሰንዳፋ ወደ አዲስ አበባ ስትወርዱ ለገዳዲ ግድብን ታገኛላችሁ። የከተማው ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ ትልቅ ክፍል ከዚያ ነው። ግድቡን የሚሞላው ክረምቱ ነው። ክረምቱን የሚሞላውስ? የዝናባችን እርጥበት ከህንድ ውቅያኖስ፣ ከአትላንቲክ በኮንጎ ደኖች በኩል፣ ከቀይ ባሕርም ይመጣል። ባሕር ባይኖረንም ባሕሩ ራሱ ደመና ሆኖ ይመጣልናል።

ፓሲፊክ ግን ሌላ ታሪክ አለው። እርጥበት አይልክልንም፤ የነፋሱን ሥርዓት ነው የሚያናጋው። መካከለኛውና ምሥራቃዊው ፓሲፊክ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኤልኒኖ እንለዋለን። ያኔ ክረምታችን በሰሜን፣ በመካከልና በምሥራቅ ይደክማል። 2007 ዓ.ም.ን አስታውሱ። በልጉ ከሸፈ፣ ክረምቱ ተከተለው። በማግስቱ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገን የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። የዚያ ዓመት ሙቀት የተከማቸው ከእኛ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ አብዛኞቻችን በካርታ እንኳ በማናስተውለው ውኃ ላይ ነበር።

የሚስቴ ወንድም ራያ ቆቦ ያርሳል። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሳይገባ የፓሲፊክ ሙቀት መታወቁን በስልክ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ የሚፈልገውን ማሽላ ትቶ በቶሎ የሚደርስ ጤፍ ዘራ። ከብት ገበያው ሳይወድቅም ሁለት በሬ ሸጠ። ምርቱ ጥሩ ነበር አልልም። ግን ቤተሰቡን ይዞ አልተሰደደም። ጎረቤቱ እነዚያኑ በሬዎች የሚያህሉትን በኅዳር በግማሽ ዋጋ ሸጠ። «ምን አገባን» ለሚለኝ ሰው የምመልሰው ይህንን ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ህንድ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ጊልበርት ዎከር የሞንሱን ዝናብን አስቀድሞ ለማወቅ የዓለምን የአየር መረጃ እያሰባሰበ ያመሳክር ነበር። ከመዘገባቸው ነገሮች አንዱ የዓባይ ሙላት ነው። የዓባይ ሙላት ማለት የእኛ ተራሮች ክረምት ማለት ነው። ይህ ሳይንስ ገና ሲጀመር የእኛ ዝናብ በመዝገቡ ላይ ነበር።

«ሳተላይት ሁሉን እያየ የባሕሩን ሙቀት ለመለካት ውኃ ውስጥ መሣሪያ መጣል ምን ያደርጋል?» የሚሉኝም አሉ፣ በተለይ የአይቲ ልጆች። ሳተላይት የባሕሩን ቆዳ ነው የሚያየው። የሬዲዮ ሞገድ ጨዋማ ውኃን ዘልቆ አይገባም። ኤልኒኖ ደግሞ ከሆድ ነው የሚጀምረው። በምዕራብ ፓሲፊክ የተከማቸው ሙቅ ውኃ ነፋሱ ሲዳከም ከገጽ በታች ወደ ምሥራቅ ይንቀሳቀሳል። ለመሻገር ሁለት፣ ሦስት ወር ይፈጅበታል። ገጹ ላይ ብቻ የሚጠብቅ ሰው እነዚያን ወራት ያጣቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1982 የሆነው ይኸው ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ኤል ቺቾን የተባለ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ወደ ላይ የወጣው ጭጋግ ሳተላይቶቹን አሳሳተ፤ ባሕሩን ከሆነው በላይ ቀዝቃዛ አድርገው አነበቡት። በዚያው ሰዓት በመቶ ዓመቱ ከታዩት ብርቱ ኤልኒኖዎች አንዱ እያደገ ነበር። የዓለም ሊቃውንት ነገሩ የገባቸው ጫፍ ሊደርስ ሲቃረብ ነው። ከዚያ በኋላ ነው በፓሲፊክ ወገብ ላይ ወደ 70 የሚጠጉ፣ በመልሕቅ የታሰሩ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች የተተከሉት። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1994 ተጠናቀቀ። አሜሪካ፣ ጃፓንና ፈረንሳይ ገንዘብም መርከብም አዋጡ።

ዛሬ ደግሞ አርጎ የሚባሉ ወደ 4,000 የሚጠጉ መሣሪያዎች በዓለም ባሕሮች ሁሉ ይንሳፈፋሉ። ወደ 30 የሚጠጉ አገሮች ናቸው የሚያሰማሯቸው። አንዱ መሣሪያ 1,000 ሜትር ጠልቆ ከውኃው ፍሰት ጋር ይጓዛል። በየ10 ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ወርዶ ሙቀትና ጨውን እየለካ ይወጣል፣ ያነበበውን ለሳተላይት ያቀብላል፣ ተመልሶ ይጠልቃል። የሚቀዝፍበት ሞተር የለውም። ባዶ ጀሪካን በርሜል ውስጥ ደፍቃችሁ ብትለቁት ተፈናጥሮ እንደሚወጣው ነው። በውስጡ ያለውን ዘይት ወደ ውጭ ፊኛ ሲገፋ ክብደቱ ሳይጨምር ይገዝፋል፣ ይነሣል። ዘይቱን ሲመልሰው ይሰምጣል። እንዴት ያለ የሚያምር ብልሃት ነው!

«መረጃው የሀብታም አገሮች ምስጢር ነው።» አይደለም። የአርጎ መረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ ለማንም በነፃ ይለቀቃል። አንዲት የማማክራት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን የህንድ ውቅያኖስ ቁጥሮች ለገጣፎ ካፌ ተቀምጣ እያወረደች ነው የሠራችው።

«ይህ ሁሉ ለሱናሚ ነው።» ሱናሚ አንዱ ዘርፍ ብቻ ነው።

«አንዴ ከተጣለ በራሱ ይሠራል።» ይህኛው አደገኛ ነው። ጨው ይበላቸዋል፣ ባትሪ ያልቃል፣ ዓሣ አጥማጆች ይነቅሏቸዋል። የፓሲፊኩን መስመር የምትጠግነው መርከብ እ.ኤ.አ. በ2012 ከሥራ ስትወጣ ከመስመሩ የሚመጣው መረጃ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 40 በመቶ አካባቢ ወረደ። እኛ ዘንድ የሚቀርበው የምዕራብ ህንድ ውቅያኖስ ደግሞ በሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች ምክንያት ለዓመታት መሣሪያ መትከል የሚያስፈራ ቦታ ነበር። የቦረናንና የሶማሌን ዝናብ የሚወስነው ውኃ ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ጨለማ ሲሆን የምንታወረው እኛ ነን። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። አንድ አገር ብቻውን ሊሸፍነው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1991 የዓለም ውቅያኖስ ምልከታ ሥርዓት በዩኔስኮ የውቅያኖስ ኮሚሽን መሪነት የተቋቋመውም ለዚህ ነው።

«ኤልኒኖ ከመጣ አገሩ ሁሉ ይደርቃል» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ስለያዘ ለማረም ያስቸግራል። ክረምቱን ያደክማል ብያለሁ። ነገር ግን በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ የሚዘንበውን አብዛኛውን ጊዜ ያበረታዋል። ላኒና፣ ማለትም ያው የፓሲፊክ ውኃ ከልክ በላይ ሲቀዘቅዝ፣ ተገላቢጦሹ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ፣ ከብቱ ሲያልቅ፣ ፓሲፊክ ላይ የነበረው ላኒና ነው። በዚያው ጊዜ የሰንዳፋ ገበሬ «ዝናቡ በዛ፣ መረሬው ውኃ ያዘ» እያለ ነበር። በ2012 ዓ.ም. መኸር ምሥራቅ አፍሪካን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ደግሞ ከፓሲፊክም አልመጣም። የምዕራብ ህንድ ውቅያኖስ ሞቆ ምሥራቁ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው ዳይፖል የሚባለው ነገር ነው። ስለዚህ ሰው «ኤልኒኖ ነው» ሲላችሁ «ለየትኛው አካባቢ? ለየትኛው ወቅት?» ብላችሁ ጠይቁ።

በመጨረሻ «ትንበያችሁ ውሸት ነው»። እኛ «ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ» ስንል፣ ሰው «አይዘንብም» ብሎ ይሰማዋል። የወቅት ትንበያ ሦስት ሳጥን አለው፤ ከመደበኛ በታች፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በላይ። ምንም ባናውቅ ለእያንዳንዱ 33 እንሰጥ ነበር። 45 ማለት ሚዛኑ አጋድሏል ማለት ነው፤ ተወስኗል ማለት አይደለም። ስለዚህ ሁሉን ዘር በአንድ ቀን አትዝሩ። ገለባና ድርቆሽ ቀድማችሁ አከማቹ። በቶሎ የሚደርስ ዘር በእጃችሁ ይኑር። ከወቅቱ ትንበያ በኋላ የሚወጣውን የአሥር ቀን ትንበያ ተከታተሉ፤ እሱ ይበልጥ የቀረበ ነው። የዝናብ መለኪያ ባታገኙ እንኳ ቀጥ ያለ ጣሳ ሜዳ ላይ አስቀምጡ፣ በማስመሪያ ለኩ፣ ደብተር ላይ ጻፉ።

የእኛ አካባቢ ትንበያ የሚሰናዳበት ጉባኤ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አለ። ከኢትዮጵያ እስከ ታንዛኒያ ያሉ 11 አገሮች ባለሙያዎች በዓመት ሦስት ጊዜ ይገናኛሉ፤ የክረምቱ በግንቦት ነው። ይህን ለእድሩ ስነግር ያቋረጠኝ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ነበር። አባት ግን «ግንቦት ስንት ቀን ነው የሚወጣው?» አሉኝ። እንደወጣ አምጥቼ እንደማነብላቸው ነገርኳቸው። የእድሩ ዳኛም ከሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ውስጥ አስገቡት።