በክልልና በወረዳ የበጀት ግልጽነት፦ ሕጉ ምን ያስገድዳል?

በኢትዮጵያ የክልል በጀትን ለሕዝብ የማሳወቅ ግዴታ በአንድ ሕግ ተጠቃሎ አልተቀመጠም፤ ከሕገ መንግሥቱ ጀምሮ እስከ ክልሎች የፋይናንስ መመሪያ ድረስ ተበትኖ ይገኛል። ወረዳ ሄዶ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው የቱን ሕግ እንደሚጠቅስ ማወቅ ያለበት ለዚህ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ አንቀጽ 29 መረጃ የማግኘት መብትን ያረጋግጣል፤ አንቀጽ 52 ደግሞ በጀት የማውጣትና የማስተዳደር ሥልጣንን ለክልሎች ይሰጣል። ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣው ድጎማ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ለክልሎች ይከፋፈላል። ክልሎችም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ለወረዳዎች ጥቅል በጀት ይሰጣሉ፤ የወረዳው ምክር ቤት በየሴክተሩ ደልድሎ ያጸድቀዋል። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው።

የጸደቀ በጀትን በማስታወቂያ ሰሌዳ የመለጠፍ ልማድ የተስፋፋው በፒቢኤስ፣ ማለትም በለጋሾች ድጋፍ በተካሄደው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ሥር በተዘረጋው የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት ሥራ ነው። በተለመደው ቅጽ ላይ ትምህርት፣ ጤና፣ ግብርና፣ ውኃና መንገድ ለየብቻ ይሰፍራሉ፤ በአንዱ ዓምድ መደበኛ (የደመወዝና የሥራ ማስኬጃ)፣ በሌላው ካፒታል (የግንባታና የቋሚ ንብረት) በጀት ይቀመጣል። ዋናው ጉድለት እዚህ ላይ ነው። የተለጠፈው የጸደቀው ብቻ ከሆነ አንባቢው የሚያየው የታሰበውን እንጂ የተከፈለውን አይደለም። በዓመቱ ውስጥ የበጀት ዝውውር ይደረጋል፣ ተጨማሪ በጀት ይጸድቃል፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ወረቀት ግን እንደነበረ ይቆያል። በተለይ በሰኔ፣ ገንዘቡ እንዳይመለስ ሲባል ጥድፊያ የተሞላ ግዥ የሚፈጸምበት ጊዜ ስለሆነ፣ ከሰኔ በፊት የወጣ ሪፖርት ግማሽ ሥዕል ነው። የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ የውስጥ ገቢ፣ እንዲሁም ከነዋሪው የሚሰበሰበው መዋጮም ብዙ ጊዜ ከሠንጠረዡ ውጭ ይቀራሉ።

ጥቅል ድምር ብዙ አይናገርም። «ጤና፣ መደበኛ» የሚለው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ ነው፤ ለሥራ ማስኬጃ የቀረው ምን ያህል እንደሆነ የሚታየው በሂሳብ መደብ፣ ማለትም የወጪውን ዓይነት በሚለየው የቁጥር ኮድ ሲዘረዘር ነው። 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ነው፣ 6217 ነዳጅና ቅባት፣ 6231 የውሎ አበል። ስለዚህ ጠያቂ ሦስት ነገር በአንድነት ቢጠይቅ ይበጃል፦ የጸደቀውን በጀት፣ የዝውውሮቹን ዝርዝር፣ በሂሳብ መደብ የተለየውን ትክክለኛ ወጪ። ወረዳው በአይቤክስ፣ ማለትም በመንግሥት የበጀትና የወጪ ሂሳብ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራ ከሆነ ይህን ሪፖርት ከሥርዓቱ አትሞ ማውጣት ለገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ከባድ አይደለም።

ጥያቄው የሚቀርበው በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ነው። ይህ የመረጃ ነፃነት ሕግ የክልል አካላትንም ያጠቃልላል። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ የመረጃ ነፃነት ክፍሉን አልሻረውም። ጥያቄውን ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል በጽሑፍ ማስገባትና ቀን ያለበት የመዝገብ ቁጥር መቀበል ያስፈልጋል፤ የ30 ቀኑ የመልስ ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። መልስ ካልተሰጠ ወይም ጥያቄው ውድቅ ከተደረገ አቤቱታው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል። ጥያቄው የበጀት ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የመሥሪያ ቤቱን ስምና የሂሳብ መደቡን ካልጠቀሰ «ግልጽ አይደለም» ተብሎ ለመመለስ ይመቻል።

ወጪው በእርግጥ በሕጉ መሠረት መዋሉን የሚመረምረው የክልሉ ዋና ኦዲተር ነው፤ ሪፖርቱንም ለክልሉ ምክር ቤት ያቀርባል።