ትንንሽ ጊኒ ፒጎችን ከነባር ጥንድ ጋር ማላመድ

ጊኒ ፒግ ብቻውን መኖር የማይስማማው እንስሳ ነው። በደቡብ አሜሪካ ያሉት የዱር ዘመዶቹ በሣር መሀል በትንንሽ ቡድን ነው የሚኖሩት፤ በየቡድኑም ማን እንደሚቀድምና ማን እንደሚከተል ይታወቃል። ቤት ውስጥ አብረው የቆዩ ሁለት ጊኒ ፒጎችም እንደዚያው ናቸው። ድርቆሹ ጋ ማን ቀድሞ ይደርሳል፣ ደህናውን መኝታ ማን ይይዛል፣ ማን ለማን መንገድ ይለቃል የሚለው ነገር ተስማምተው ጨርሰውታል። ግልገሎች ሲጨመሩ ይሄ ሁሉ እንደገና ይከፈታል። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ለትንንሾቹ ነው። እኔ ግን የነባሮቹ ስምምነት የበለጠ ያሳስበኛል፤ ግልገል አብዛኛውን ጊዜ ለትልልቆቹ ቶሎ ይገዛል፣ ነባሮቹ ግን በእንግዳው ሰበብ እርስ በርሳቸው ሊጣሉ ይችላሉ።

ከሁሉም በፊት ፆታቸውን አረጋግጡ። ሻጩ «ሁለቱም ሴት ናቸው» ስላለ ብቻ አትመኑ። የግልገል ፆታ መለየት ያስቸግራል፣ ልምድ ያለው ሰውም ይሳሳትበታል። ወንዱ ገና በ3 ሳምንቱ ማስረገዝ ሊጀምር ይችላል፤ ሴቷም ከ4 ሳምንት ዕድሜዋ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናው ከ59 እስከ 72 ቀን ይወስዳል፣ የወለደችው ደግሞ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። በተለይ አደገኛው ነገር፣ ወልዳ የማታውቅ ሴት ከ6 እስከ 8 ወር ዕድሜ ስታልፍ የዳሌዋ አጥንት መገጣጠሚያ ስለሚጠነክር በምጥ ጊዜ አልላቀቅ ብሎ ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ ግልገሎቹን ጊኒ ፒግ የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ይያቸው። ከወንዶች ጋር ተቀላቅላ የቆየች ሴት ግልገል ወደ እናንተ ስትመጣም አርግዛ ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም አስጠይቁ።

ቀላሉ ነገር ሁለት ትልልቅ ሴቶች ላይ ሴት ግልገሎች መጨመር ነው። የተኮላሸ ወንድና ሴት ላይም ሴት ግልገሎች ጥሩ ይሄዳል፤ ወንዱ በቅርቡ የተኮላሸ ከሆነ ግን 6 ሳምንት ያህል ከሴት ይራቅ፣ ያ ጊዜ ሳያልፍ ሊያስረግዝ ይችላልና። ሁለት ወንዶች ላይ ወንድ ግልገሎች መጨመርስ? አትሞክሩት ነው የምለው። ግልገሎቹ ትንሽ እያሉ ሰላም ይመስላል፣ ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ግን ተስማምተው የኖሩት ሁለቱ ወንዶች ጭምር እስከ መድማት ይደርሳሉ።

አዲሶቹ ቤት እንደገቡ ከነባሮቹ ጋር አይገናኙም። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ሌላ ክፍል ውስጥ ይቆዩ። መጀመሪያ ነባሮቹን፣ ቀጥሎ አዲሶቹን ተንከባከቡ፤ እጃችሁን ታጠቡ፣ ዕቃ አታቀላቅሉ። የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ማስነጠስ፣ ድምፅ ያለው አተነፋፈስ ካለ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ ውሰዱ። አጥብቆ ማከክ እከክ የሚያመጡ ጥቃቅን ተባዮች ምልክት ነው። ክብ ሆኖ የተመለጠ ቆዳ ደግሞ ጭርት ሊሆን ይችላል፣ እሱ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ግልገሎቹ ሁለት ከሆኑ ይህን ጊዜ ብቸኝነት ሳይጎዳቸው ያልፉታል።

የማገናኛው ቀን ሲደርስ ቦታው ወሳኝ ነው። የማንም ያልሆነ፣ ከአራቱ አንዳቸውም ኖረውበትም ሆነ ሸንተውበት የማያውቁት ሰፊ ወለል አጥሩ። እግራቸው እንዳይንሸራተት ብርድ ልብስ አንጥፉ። ድርቆሽ በሦስት አራት ቦታ ከምሩ፣ ቅጠላ ቅጠልም በትኑ፤ እየበላ ያለ ጊኒ ፒግ ለጠብ ብዙ ጊዜ የለውም። አንድ በር ብቻ ያለው መደበቂያ በፍጹም አታስገቡ፣ ምክንያቱም ግልገሉ ሲሸሽ እዚያው ይታፈንና ማምለጫ ያጣል። ሽታቸው እንዲመሳሰል ብሎ አብሮ ማጠብ የሚባል ምክር አለ፤ አልወደውም። ውኃ ያስፈራቸዋል፣ የፈራ እንስሳ ደግሞ ጓደኛ አያፈራም።

ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ትልልቆቹ የግልገሎቹን ጀርባ ያሸታሉ፣ ያሯሩጧቸዋል፣ እየተንጎማለሉና ዳሌያቸውን እያወዛወዙ ዝቅ ባለ ድምፅ ያጉረመርማሉ፣ ሴቶችም ቢሆኑ ላያቸው ላይ ይወጣሉ። አገጫቸውን ከፍ ከፍ ያደርጋሉ፣ አልፎ አልፎ ጥርሳቸውን ያንቀጫቅጫሉ። ይሄ ሁሉ ጤነኛ ነገር ነው። ግልገሎቹ ሲጮኹ ሆድ ይበላል፣ አውቃለሁ፤ ግን ያ ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ «እሺ፣ ትንሽ ነኝ፣ አትንካኝ» ማለት ነው እንጂ መጎዳት አይደለም። ትልቁ ጥፋት የሚመጣው እዚህ ላይ ሰው ደንግጦ ሲያነሳቸው ነው። ሳይጨርሱ የተነሱ ጊኒ ፒጎች በማግስቱ ከዜሮ ይጀምራሉ፣ ደጋግሞ መለየትና መመለስም ቁጣውን ያባብሰዋል።

መግባት ያለባችሁ ጊዜ ሌላ መልክ አለው። ሁለቱ ፊት ለፊት ተፋጠው ይቆማሉ፣ የአንገታቸው ፀጉር ይቆማል፣ የጥርሱ መንቀጫቀጭ አያቋርጥም፣ አፋቸውን ከፍተው የፊት ጥርሳቸውን ያሳያሉ፣ ከዚያ ዘለው ይናከሳሉ። እንደ ኳስ ተጠቅልለው ከተያያዙ ባዶ እጃችሁን አታስገቡ፣ ጥርሳቸው ጣት ይበሳል። ወፍራም ፎጣ ጣሉባቸው ወይም ካርቶን መሀላቸው አስገቡ። ደም ከታየ ያ ስብሰባ አበቃ፣ የተነከሰውም በሐኪም ይታይ።

ጥቂት ሰዓታት አልፈው ሲበሉ፣ ጎን ለጎን ሲተኙ፣ ሩጫው ሲቀንስ ካያችሁ ወደ ቤታቸው ይግቡ። ግን ቤቱ አስቀድሞ ይታጠብ። በውኃና በኮምጣጤ ጥረጉት፣ ጉዝጓዙን ለውጡ፣ የዕቃዎቹን ቦታ አዘዋውሩ፤ ነባሮቹ «ይሄ የኛ ነው» የሚሉት ጥግ እንዳይኖር። አራቱንም አንድ ላይ አስገቧቸው። ለሁለት ጊኒ ፒግ ቢያንስ 120 በ60 ሴንቲሜትር ከተባለ፣ ለአራት የዚያ እጥፍ ብታደርጉት አትቆጩም። ስፋት ያጣ ቡድን ምንም ቢዋደድ ይጣላል። ሁለት ሦስት የውኃ ጠርሙስ፣ የተራራቁ የምግብ ሳህኖች፣ ሁለት መውጫ ያላቸው መደበቂያዎች ይኑሩ። የሽቦውን ቀዳዳም እዩ፤ ትልቁን የሚይዝ አጥር ግልገሉን ላይዝ ይችላል።

ምግብ ላይ አንድ ልዩነት አለ። የሚያድጉት ካልሲየም ስለሚፈልጉ እስከ 6 ወር ገደማ አልፋልፋ የሚባለው ካልሲየም የበዛበት የመኖ ተክል ይጠቅማቸዋል፤ ለትልልቆቹ ግን የፊኛ ጠጠር ሊያመጣ ይችላል፣ ስለዚህ ለግልገሎቹ ለብቻ ስጡ። የሣር ድርቆሽና ቫይታሚን ሲ ያለው ምግብ ለሁሉም ነው፤ ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲን ራሱ መሥራት አይችልም። በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኗቸው። ክብደት የማይጨምር ግልገል ወይ ታሟል ወይ ከምግቡ እየተገፋ ነው።

በ3 እና 4 ወር ዕድሜ አካባቢ የትናንቱ ዝምተኛ ግልገል ለደረጃ መጋፋት ይጀምራል፣ ማጉረምረሙና መሯሯጡም ይመለሳል። ደም ካልታየና ሁሉም የሚበሉ ከሆነ ተዉአቸው። በእርግጥ የማይዋደዱ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ጥንዶች በሽቦ አጥር ለዩና ጎን ለጎን አኑሯቸው፤ ይተያያሉ፣ ይሸታተታሉ፣ በድምፅም ይነጋገራሉ፣ እያንዳንዱም ከጎኑ የሚተኛ ጓደኛ አለው።