በወጣቶች ላይ የሚከሰት የትልቁ አንጀት ካንሰር ምንድን ነው?

አንድ የ32 ዓመት ወጣት ሰገራው ላይ ደም ቢያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኪንታሮትን ነው። ብዙ ጊዜ እውነትም ኪንታሮት ይሆናል። ካልሆነስ? እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

የትልቁ አንጀት ወይም የፊንጢጣ ካንሰር ከ50 ዓመት በታች በሆነ ሰው ላይ ሲገኝ፣ ሐኪሞች "ያለ ዕድሜው የመጣ" ብለው ለይተው ያዩታል። አነሳሱ ግን ያው ነው። በአብዛኛው የሚጀምረው አንጀት ውስጥ ከሚበቅል ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እብጠት ነው። ፖሊፕ ካንሰር አይደለም፤ አብዛኞቹም ወደ ካንሰር አይለወጡም። የሚለወጠውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ከታየ፣ እዚያው ተቆርጦ ይወጣል። በቃ፣ ካንሰሩ ሳይፈጠር ቀረ ማለት ነው።

ይህ ካንሰር በወጣቶች ላይ እየጨመረ መጥቷል። ታዲያ ለምን በዛ? ሙሉ መልሱ ገና አልተገኘም። እንደ ሊንች ሲንድረም ያለ በዘር የሚተላለፍ ችግር ያለባቸው አሉ፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ውፍረት፣ አልኮል፣ ሲጋራና እንደ ቋሊማ ያለ በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋ አደጋውን ይጨምራሉ። ይህ ማለት ግን የታመመ ሁሉ ራሱን አልጠበቀም ማለት አይደለም። ተዋናዩ ቻድዊክ ቦስማን በ2016 ሲመረመር በሽታው ሦስተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። በ2020 በ43 ዓመቱ አረፈ።

ደም ብቻ አይደለም ምልክቱ። የማይለቅ የሆድ ሕመም፣ ለሳምንታት የተለወጠ የሰገራ ልማድ፣ ያለ ምክንያት መክሳት። በአይረን እጥረት የመጣ ደም ማነስም አለ፤ ይሄኛው በተለይ ይታለፋል። ኪኒን ይታዘዛል፣ ደሙ የት እንደሄደ ግን ማንም አይጠይቅም።

በ2021 አሜሪካ ምልክት ለሌላቸው ሰዎች የቅድመ ምርመራ መጀመሪያውን ከ50 ወደ 45 ዓመት ዝቅ አድርጋለች። ወላጅ ወይም ወንድም እህት ታሞበት የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። ምልክት ላለበት ሰው ግን ይህ የዕድሜ ገደብ አይሠራም። 25 ዓመትም ቢሆን ይመርመር። "ኪንታሮት ነው" ከተባላችሁ፣ "በምን አረጋገጣችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ።