ውሃው አልሰከረም፦ የእንግሊዝኛ ሞዳልና ፓሲቭ ከድሬዳዋ ሲታይ

ድሬዳዋ ነው፤ ከምሳ በኋላ፣ ሙቀቱ የክፍሉን ጣሪያ የሚያንጣጣበት ሰዓት። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ይህ ውሃ አይጠጣም» ብሎ ጻፈና ወደ እንግሊዝኛ መልሱልኝ አለ። ከኋላ ወንበር አንዱ ፈጠን ብሎ «ዚስ ወተር ኢዝ ኖት ድራንክ» ሲል ክፍሉ ዝም አለ፤ መምህሩ ግን ሳቀ። «ድራንክ» የሰከረ ሰውም መጠሪያ ነው። ልጁ «ይህ ውሃ አልሰከረም» ያለ ይመስላል። «ዚስ ወተር ሹድ ኖት ቢ ድራንክ» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል።

የጎደለው «ሹድ» ሞዳል ይባላል። ሞዳሎች ችሎታን፣ ግዴታን፣ ፈቃድን፣ ምክርንና ግምትን የሚናገሩ ረዳት ግሦች ናቸው። ዋናዎቹ ዘጠኝ ናቸው፦ ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ መስት፣ ሻል፣ ሹድ፣ ዊል እና ዉድ። ኦውት ቱ፣ ሃቭ ቱ እና ኒድ ቱ ከጎናቸው ይሰለፋሉ። ፓሲቭ ቮይስ ደግሞ የእኛ ሰዋስው ተገብሮ የሚለው ነው። ድርጊቱ የደረሰበት ነገር የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ይሆናል፤ አድራጊው ወደ ኋላ ይሄዳል ወይም ጭራሽ ይጠፋል።

ሁለቱ ሲገናኙ ቀመሩ አጭር ነው። መጀመሪያ ሞዳሉ፣ ቀጥሎ «ቢ»፣ ከዚያ ተማሪዎች «ቪ ስሪ» የሚሉት ሦስተኛው የግስ ቅርጽ ይመጣል። «ዘ ጌት ካን ቢ ኦፕንድ» ማለት በሩ ሊከፈት ይችላል ነው። በሮቹ አምስት ቢሆኑም፣ እንደ ጥንቶቹ የሐረር ጁገል ግንብ በሮች፣ ያው «ካን ቢ ኦፕንድ» ነው። «ቢ» ንቅንቅ አይልም። ኢዝ፣ አር፣ ወዝ የሚባል ጣጣ የለበትም፤ ከሞዳል በኋላ የሚመጣ ግስ ሁልጊዜ እንዳለ ይቀመጣልና። ስለዚህ «ካን ኢዝ ኦፕንድ» አይባልም። ከዘመዶቹ ውስጥ ሃቭ ቱ ባለቤቱ እሱ፣ እሷ ወይም አንድ ነገር ሲሆን «ሃዝ ቱ ቢ»፣ ላለፈ ነገር «ሃድ ቱ ቢ» እያለ ይለዋወጣል። ኒድ ቱም እንዲሁ ይለዋወጣል።

ቀመሩን ማንም ይሸመድደዋል። አማርኛ ተናጋሪውን የሚያደናቅፈው ሌላ ነው፤ ቋንቋችን ሞዳሉን ተገብሮ ግሱ ውስጥ ደብቆ ይይዛል። «ይህ እንጉዳይ አይበላም» ስንል በልቶት የሚያውቅ የለም ማለታችን አይደለም። ሊበላ አይችልም፣ ወይም መበላት የለበትም ማለታችን ነው። ካፊራ ገበያ ገብቶ «ዋጋው አይቀመስም» ያለ ሰውም ዋጋ ሊልስ አልሄደም። ችሎታው፣ ክልከላው፣ ምሬቱ ሁሉ አንዲት ግስ ውስጥ ተጠቅልሏል። እንግሊዝኛ ግን ጥቅሉን ፍታልኝ ይላል፦ ካን ኖት ነው? መስት ኖት ነው? ወይስ ሹድ ኖት? የኋላ ወንበሩ ልጅ ሰዋስው አልጠፋውም። ጥቅሉን ሳይፈታ ነው ያስረከበው።

ጽሕፈታችንም አይረዳም፤ የሚጠብቀውን ፊደል ከሚላላው አይለይም። «ይበላል» ላልቶ ሲነበብ የሚመገብ ሰው ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ምግብ ነው። «ጅቡ ይበላል» ብዬ ብጽፍ ሐረርን የሚያውቅ አንባቢ ማታ ከግንቡ ውጭ ሥጋ የሚቀርብለትን ጅብ ያስባል። ጠብቆ ያነበበው ደግሞ «አቦ፣ ጅብ ይበላል እንዴ?» ብሎ ይደነግጣል።

ከሞዳሎቹ ሁሉ ብዙ ሰው የሚያስቸግረው «መስት» ነው። ሁለት ፊት አለው። «ዘ ስቴሽን መስት ቢ ክሎዝድ» የሚለውን ያዙ። ጣቢያው መዘጋት አለበት ማለት ሊሆን ይችላል፣ ይህ ትእዛዝ ነው። ጣቢያው ዝግ ሳይሆን አይቀርም ማለትም ሊሆን ይችላል፣ ይህ ግምት ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው፤ «መዘጋት አለበት» እና «ሳይዘጋ አይቀርም» አይቀላቀሉም። ነገሩ ያለፈ ሲሆን ግን እንግሊዝኛም መንገዱን ይለያል። ግዴታው «ሃድ ቱ ቢ ክሎዝድ» ይሆናል። ግምቱ «መስት ሃቭ ቢን ክሎዝድ» ይሆናል፣ ሳይዘጋ አልቀረም እንደማለት።

«ሃቭ ቢን» ሲገባ ቅርጹ ትንሽ ይረዝማል እንጂ አይከብድም። ሞዳል፣ ሃቭ፣ ቢን፣ ቪ ስሪ። ለዛው ያለው ትርጉሙ ላይ ነው። የለገሃሩን ዘመን የሚናፍቅ የድሬ ሽማግሌ ስለ አሮጌው ሐዲድ «ኩድ ሃቭ ቢን ሪፔርድ» ቢል ሊጠገን ይችል ነበር፣ ግን አልተጠገነም ማለቱ ነው። «ሹድ ሃቭ ቢን ሪፔርድ» ቢል ቁጭት ይጨምርበታል። የእኛ «መጠገን ነበረበት» ግን ሁለት ቦታ ይቆማል። ግዴታ ስለሆነ ተጠገነ ማለትም ይሆናል፣ መጠገን ሲገባው ቀረ ማለትም ይሆናል። የመጀመሪያው «ሃድ ቱ ቢ» ነው፣ ሁለተኛው «ሹድ ሃቭ ቢን»። እኔ ይህን ልዩነት የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው፣ ማፈሬ አልቀረም።

ግምቱ የሚያስፈልገው እርግጠኛ ላልሆንበት ነገር ብቻ ነው። የጁገልን ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠሩት ይታወቃል፤ ስለዚህ «ወዝ ቢልት» ብሎ ማለፍ ይበቃል። መቼ እንደተሠራ የማይታወቅ አሮጌ የሐረር ቤት ፊት የቆመ ሰው ነው «መስት ሃቭ ቢን ቢልት ሎንግ አጎ» የሚለው። ግምቱ አሉታዊ ሲሆን ብዙ ጊዜ በ«መስት ኖት» ፋንታ «ካንት ሃቭ ቢን» ነው የሚባለው።

አሉታ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። «ገንዘቡ ዛሬ መከፈል የለበትም» ሲባል ዛሬ እንዳይከፈል ተከልክሏል? ወይስ ዛሬ ባይከፈልም ችግር የለም? አማርኛው ሁለቱንም ይሸከማል። እንግሊዝኛው ግን ክልከላውን «መስት ኖት ቢ ፔይድ»፣ ነፃነቱን «ዳዝ ኖት ሃቭ ቱ ቢ ፔይድ» ይለዋል። ውል ላይ ሲቀላቀሉ ሰው ያጣላሉ።

«ተ» የምትባለው ፊደልም የራሷን ጥፋት ታጠፋለች። ተከፈተ፣ ተጻፈ፣ ተሰበረ ስለምንል ጆሯችን «ተ»ን ከተገብሮ ጋር አቆራኝቷታል። ታዲያ ተከሰተ፣ ተቀመጠ፣ ተመለሰ፣ ተጓዘ ሲመጡም ያው ይመስለናል። «አደጋ ሊከሰት ይችላል» የሚለው «አን አክሲደንት ካን ቢ ሃፕንድ» ሆኖ ይወጣል። ትክክሉ «ካን ሃፕን» ብቻ ነው። ሃፕን ተሳቢ የማይወስድ ግስ ስለሆነ ተገብሮ አይሆንም። አማርኛ እንደነዚህ ላሉ ግሦች ቸር ነው፤ «በዚህ አይኬድም» ይላል፣ የሚኬደው ነገር ሳይኖር። እንግሊዝኛ ይህን አይፈቅድም።

ዓረፍተ ነገር ሲገለበጥ ትርጉሙ እንዳለ ይቆያል የሚሉም አሉ፤ ሞዳል ሲኖር ሁልጊዜ አይሆንም። «ዘ ሃይና ዎንት ኢት ዘ ሚት» ስንል ጅቡ እምቢ ብሏል፣ አልበላም ብሏል። «ዘ ሚት ዎንት ቢ ኢትን» ስንለው እምቢታው ይጠፋል። ሥጋው አይበላም፣ በቃ። የባለቤቱ ፈቃድ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ሥጋ ደግሞ ፈቃድ የለውም።

ይህ ቅርጽ ኑሮ ውስጥ የት ይገኛል? አድራጊው የታወቀበት፣ የማያስፈልግበት ወይም መደበቅ የፈለገበት ቦታ ሁሉ አለ። መድኃኒት መመሪያ ላይ «ሹድ ቢ ቴክን» ይላል፤ የሚወስደው በሽተኛው እንደሆነ ግልጽ ነው። በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጡ አዋጆች አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማሉ። ብዙዎቹ አንቀጽ 1 ላይ «ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል» ይላሉ፣ ከጎኑ «ሜይ ቢ ሳይትድ አዝ» አለ። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ነፃ መልመጃ አላውቅም። ቅጣቱ ጋ ሲደረስ አማርኛው «ይቀጣል» ብሎ ይዘጋዋል። እንግሊዝኛው ግን ያንኑ ለማለት ብዙ ጊዜ «ሻል ቢ» ማለት ግድ ይሆንበታል። መሥሪያ ቤት ደግሞ አድራጊውን ለመደበቅ ይወደዋል። አንድ ቢሮ «ጉዳይዎ ሊታይ ይችላል» የሚል ደብዳቤ ሰጥቶኝ ወራት ተመላልሻለሁ። ማን እንደሚያየው የሚናገር ቃል አልነበረበትም፤ ያየውም የለም።

«ማይት ቢ ቢዪንግ ሪፔርድ»፣ አሁን እየተጠገነ ይሆናል የሚለው ቅርጽም አለ። ትክክል ነው፣ ግን «ቢ ቢዪንግ» ለእንግሊዞቹም አፍ ላይ ይከብዳል። ዝለሉት።

ድሬዳዋ ላይ ይህን ትምህርት የሚለየው ተማሪው ከአንድ ቋንቋ አለመምጣቱ ነው። ኦሮምኛ ተገብሮውን ከግሱ በስተኋላ ይቀጥላል፦ «ባኔ» ከፈተ፣ «ባናሜ» ተከፈተ። አማርኛ ከፊት የሚያስቀድመውን እሱ ወደ ኋላ አኑሮታል፣ መንፈሱ ግን አንድ ነው። ሱማልኛ ሌላ መንገድ አለው። «ላ» የምትል ቃል ያስገባል፣ ማንነቱ ያልተጠቀሰ ሰው ማለት ናት። «ዋ ላ ፉሪ ካራ» ሲባል ሰው ሊከፍተው ይችላል እንደማለት ነው። ፈረንሳይኛም «ኦን» የምትል ተመሳሳይ ቃል አለው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ፈረንሳይኛም አብሮ ገብቶ ነበር፤ ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህች ነገር ከተማዋ ውስጥ ተገናኝተዋል።

እናም ሱማልኛ አፉን የፈታ ተማሪ ያንን የሰሌዳ ዓረፍተ ነገር «ዩ ሹድንት ድሪንክ ዚስ ወተር» ብሎ ቢመልሰው አይገርምም። ተገብሮ የለበትም፣ ግን ሞዳሉ አለበት። መምህሩ ግማሽ ነጥብ ብቻ ሰጥቶ ቢያልፈው እኔ አልስማማም።